ሹቲንግ ስታር አበቦችን አንዱን ከሌላው እንዴት እንለያለን? ዝርዝር መመሪያ

ሹቲንግ ስታርን ከሌላ አበባ መለየት ቀላል ነው። ፈተናው አንዱን ሹቲንግ ስታር ከሌላው መለየቱ ላይ ነው።

አበባውን ለማታውቁት መጀመሪያ መልኩን ልንገራችሁ። ቅጠሎቹ በሙሉ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ከመሃላቸው ምንም ቅጠል የሌለው ቀጭን አገዳ ይወጣል። ጫፉ ላይ አበቦቹ ተሰብስበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይንጠለጠላሉ። ፔታል የሚባሉት ባለቀለሞቹ የአበባው ክፍሎች ግን ወደ ላይ ተገልብጠዋል። ወደ መሬት የሚያመለክተው በመሃል ያለው ሹል አፍንጫ ብቻ ነው። ቀለሙ ከደማቅ ሐምራዊ ሮዝ እስከ ነጭ ይደርሳል። ይህን ቅርጽ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። በአጠቃላይ ወደ 17 ዝርያዎች ይቆጠራሉ። ከእነሱ አንዱ ብቻ ከአላስካ ተሻግሮ እስከ ሳይቤሪያ ይዘልቃል። ኦክላንድ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ፖርትላንድ፣ ሲያትል ወይም ሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ከሆነ፣ በመኪና ቅርብ በሆነ ቦታ ቢያንስ አንድ ዝርያ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በአንድ ጉዞ ሁለትና ሦስት ታገኛላችሁ። ይህ መመሪያ ያን ጊዜ ይጠቅማል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የፔታሉን ቀለም እርሱት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ሁሉም የሚሳሳተውም በእሱ ነው። እዚያው አንድ ተዳፋት ላይ፣ እዚያው አንድ ዝርያ ውስጥ፣ ሮዝም ፈዛዛም ነጭም ታያላችሁ። መለያው ያለው አፍንጫው ላይ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር በሆነች ቦታ ላይ የዝርያው ማንነት ሁሉ ተጽፏል ማለት ይቻላል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የቆማችሁበትን ቦታ እወቁ

ዝርያዎቹ 17 ቢሆኑም አንድ ቦታ ላይ የሚጠበቁት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ግማሹን ሥራ መጨረስ ትችላላችሁ።

በሳንፍራንሲስኮ ቤይ አካባቢ ሄንደርሶኒና ክሊቭላንዲ አሉ (እነዚህና ከዚህ በታች የምጠራቸው የዝርያዎቹ ሳይንሳዊ ስም ሁለተኛ ቃላት ናቸው)። በሎስ አንጀለስ ጫፍ ባሉት የሳንታ ሞኒካ ተራሮች የምታገኙት ክሊቭላንዲን ነው። በሴራ ኔቫዳ ከፍታ፣ እንደ ዮሰሚቲ ባሉ ረግረጋማ ሜዳዎች፣ ጄፍሪና አልፒኑም ይጠብቋችኋል። በምዕራብ ዋሽንግተንና በቫንኩቨር ደሴት ሄንደርሶኒና ፑልኬለም አሉ። ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ደረቁ አገር ላይ ስትደርሱ፣ ፑልኬለም፣ ኮንጁጌንስና ፖኤቲኩም ይመጣሉ። ከሚሲሲፒ ወዲያ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ዋናው ሜአዲያ ነው፤ በሚኒሶታና በዊስኮንሲን ገደላማ ቦታዎች አሜቲስቲኑም ይጨመራል።

ጊዜውም ያግዛችኋል። በካሊፎርኒያ ቆላ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ያብባሉ። በኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ማርችና ኤፕሪል ደህና ጊዜ ነው። በሚኒሶታ ሜይ እስኪገባ ጠብቁ። በሴራ ከፍታ በረዶው ቀልጦ ጁንና ጁላይ ካልገባ አትድከሙ። ቆላ ያሉት በጋው ሲደርስ ቅጠላቸው ደርቆ ይጠፋል፤ ሥራቸው ብቻ ከመሬት በታች ይተኛል። ጁላይ ላይ ኦክላንድ ኮረብታ ወጥቶ «የለም» ብሎ መመለስ ስለዚህ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ የሚያስፈልጋችሁን ያዙ

አንድ አጉሊ መነጽር። አስር እጥፍ የሚያጎላ ትንሹ በቂ ነው። ዋጋው ብዙ አይደለም፣ ያለሱ ግን ከዚህ በታች የምጽፈው ግማሹ አይታይም። ስልካችሁ በቅርብ የማንሳት ማክሮ ካለው እሱም ይሠራል፤ አንስታችሁ ምስሉን ማስፋት ነው። ሚሊሜትር ያለባት ትንሽ ማስመሪያ ጨምሩ። መንበርከካችሁ አይቀርምና ጉልበት የሚሸፍን ነገር ልበሱ።

በካሊፎርኒያና በኦሪገን ኦክ ጫካ የምትሄዱ ከሆነ ፖይዝን ኦክን ለይታችሁ እወቁ። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቅጠል ያለው፣ ቆዳን ክፉኛ የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ተክል ነው። ሄንደርሶኒ የሚወደውን ጥላ እሱም ይወደዋል። ስትመለሱም ለመዥገር ሰውነታችሁን ፈትሹ።

መቁረጫና ማስቀመጫ ግን አትያዙ። በብሔራዊ ፓርኮችና በብዙ የስቴት ፓርኮች አበባ መቁረጥ ክልክል ነው። ክልክል ባይሆንም አትቁረጡ። ሹቲንግ ስታር ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጅበታል። ለመለየት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው እንደቆመ ይታያል።

ደረጃ 3፦ አፍንጫውን ከፋፍላችሁ እዩት

አበባው ስለሚያቀረቅር አገዳውን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ደግፉት፤ አታጥፉት። ከዚያ አፍንጫውን ከጎን ተመልከቱ። ከፔታሎቹ ጀምራችሁ ወደ ሹሉ ስትወርዱ ሦስት ነገሮች በተራ ይመጣሉ።

አንደኛው ቱቦው ነው። የወንዴዎቹ ዘንጎች አንድ ላይ ተጣብቀው የሚሠሩት አጭር ቀለበት ነው። አንዳንዱ ዝርያ ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ አንዳንዱ ላይ ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የብናኝ ከረጢቶቹ ናቸው። ከቱቦው ቀጥለው ረዘም ብለው ወደ ሹሉ የሚሰበሰቡት ናቸው። እያንዳንዱ ከረጢት ወደ ውጭ የሚያሳየን ጀርባ አለው። ይህን ጀርባ በደንብ ያዙት፣ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ከሹሉ መሃል ትንሽ ወጣ የምትለው የሴቴዋ ጫፍ ናት።

እዚያው ተንበርክካችሁ ሳለ ባምብልቢ የሚባለው ጸጉራም ትልቅ ንብ ከመጣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። አፍንጫው ላይ ተገልብጦ ይንጠለጠላል። ከዚያ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ይነዝራል፤ ድምፁ ከበረራው ድምፅ ቀጠን ይላል። አበባው ማር የለውም። ንቡ የሚፈልገው ብናኙን ነው፣ ብናኙ ደግሞ የሚወጣው ከረጢቶቹ ሲንቀጠቀጡ ነው። ንቡ ከሄደ በኋላ አፍንጫውን በመነጽር ካያችሁት ብናኙ ጫፉ ላይ ተረጭቶ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 4፦ የቱቦውን ቀለምና ርዝመት መዝግቡ

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቱቦው ጠቆር ያለ ነው ወይስ ቢጫ?

ጠቆር ያለ ማለት ከጥቁር ቀይ እስከ ጥቁር ነው። ሄንደርሶኒ፣ ክሊቭላንዲ፣ ጄፍሪና አልፒኑም እዚህ ይገባሉ። ቢጫው ደግሞ የፑልኬለምና የሜአዲያ የተለመደ መልክ ነው። ኮንጁጌንስ ላይ ሁለቱንም ልታዩ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይፈጠራል። ከፔታሎቹ ግርጌ፣ ተገልብጠው ከሚጀምሩበት፣ ብዙ ዝርያዎች ነጭና ቢጫ ቀለበት አላቸው። ያ የፔታሉ ቀለም ነው። የምንፈልገው ከእሱ በታች ያለውን፣ ከረጢቶቹን የተሸከመውን ነው። ፎቶ ላይ ሁለቱ ይምታታሉ፣ በተለይ ከላይ ከተነሳ።

ርዝመቱን በማስመሪያ መለካት ከቻላችሁ ለኩ። ካልቻላችሁ ከከረጢቶቹ ርዝመት ጋር አወዳድሩት። «ግማሹን ያህላል»፣ «ጨርሶ አይታይም» ብሎ መጻፍም በቂ ነው።

ደረጃ 5፦ የከረጢቶቹ ጀርባ ለስላሳ ነው ወይስ የተሸበሸበ?

በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚታመነው መለያ ይሄ ነው። መነጽሩን አስጠግታችሁ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ዞር ብላችሁ እዩት። ብርሃን ከፊት ከመታው ሽብሽቡ አይታይም፤ ለስላሳ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ።

የተሸበሸበው ጀርባ ላይ ወደ ጎን የሚሄዱ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደሩ ጥቃቅን እጥፋቶች ታያላችሁ። ሄንደርሶኒ፣ ጄፍሪ፣ አልፒኑም፣ ኮንጁጌንስና ፖኤቲኩም እንዲህ ናቸው። ፑልኬለም ላይ ግን ጀርባው ለስላሳ ነው። መስመር ቢኖረውም ከላይ ወደ ታች፣ በቁመቱ የሚሄድ ነው። ስለዚህ «መስመር አለው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። መስመሩ ወደ የት ነው የሚሄደው? ወደ ጎን ከሆነ ሽብሽብ ነው፤ ወደ ታች ከሆነ ለስላሳው ዘንድ መድቡት።

አንድ አበባ አይታችሁ አትወስኑ። ገና የተከፈተ፣ ደህና የበሰለና መድረቅ የጀመረ ተመልከቱ። ሲደርቅ ለስላሳውም መጨማደዱ ስለማይቀር ፍርዱን በትኩሱ ላይ ስጡ።

ደረጃ 6፦ የሴቴዋን ጫፍ ተመልከቱ

ይህ አጭር ነው። ከሹሉ ወጣ ያለችው ክር ጫፏ ላይ ወፍራም ራስ አላት ወይስ እንደ ክሩ ቀጭን ናት? ራሷ ከክሩ እጥፍ ገደማ ከሆነ ጄፍሪ፣ አልፒኑም ወይም ሬዶሌንስ ነው። ሦስቱም እርጥብ ቦታ፣ ባብዛኛው ተራራ ላይ የሚኖሩ ናቸው። ቀጭን ከሆነ ከእነሱ ውጪ ነው። የተራራ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ይቆጥብላችኋል።

ደረጃ 7፦ ጸጉር፣ ቅጠልና የፔታል ቁጥር

አገዳውን ከፀሐይ ጋር አስተያዩት። ጫፋቸው ላይ ጠብታ ያላቸው ጥቃቅን ጸጉሮች ካሉ ጠርዙ ያበራል። በጣታችሁ ስትነኩት ትንሽ ይጣበቃል። ይህን «ጸጉራም» ብላችሁ ጻፉ።

ቅጠሉ ላይ ሦስት ነገር እዩ። ቅጠሉ መሬት ላይ ተለጥፏል ወይስ ወደ ላይ ቆሟል? ወደ ግርጌው ቀስ እያለ ይጠባል ወይስ ድንገት ጠቦ ግልጽ እጀታ ይሠራል? ጠርዙ ጥርስ አለው?

የፔታል ቁጥርም ቁጠሩ፣ ግን እንደ ደጋፊ ማስረጃ ብቻ ያዙት። አልፒኑም አራት ነው። ፑልኬለም፣ ኮንጁጌንስ፣ ክሊቭላንዲና ሜአዲያ ባብዛኛው አምስት ናቸው። ሄንደርሶኒና ጄፍሪ ግን አራትም አምስትም ይሆናሉ፤ አንድ ሜዳ ላይ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። አራት ቆጥራችሁ ብቻ አልፒኑም ነው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደሚያምታቱት እንግባ

ሄንደርሶኒና ክሊቭላንዲ። ይህ የቤይ አካባቢ ሰዎች ጥያቄ ነው። ማውንት ዲያብሎ ላይ ሁለቱም አሉ። ሁለቱም ቱቦአቸው ጥቁር ነው፣ ሁለቱም ሲያብቡ ክረምቱ ገና አልወጣም። መጻሕፍቱ ዋና መለያ የሚያደርጉት ከመሬት በታች ያለውን ነው። ሄንደርሶኒ ሲያብብ ሥሩ መካከል የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ እንቡጦች አሉት፤ ክሊቭላንዲ የለውም። እውነት ነው፣ ግን ለዚህ ብላችሁ አትቆፍሩ። የመንገድ ጠርዝ ዝናብ ሸርሽሮት ሥሩ የወጣ ተክል ካጋጠማችሁ ያንን እዩ። ካልሆነ በሌላው ይለያል።

የሄንደርሶኒ ቅጠል ሰፋ ያለ፣ ድንገት ጠቦ እጀታ የሚሠራ፣ መሬት ላይ ልጥፍ ያለ ነው። የክሊቭላንዲ ቅጠል ቀስ እያለ የሚጠብና ከፍ ብሎ የሚቆም ነው። ሄንደርሶኒ የኦክ ጥላ ይወዳል። በቤይ አካባቢ ያለው ክሊቭላንዲ ደግሞ ገላጣ ሣር ሜዳና ከባድ አፈር ላይ ይገኛል፤ ፔታሉም ብዙ ጊዜ ወደ ነጭ ወይም ክሬም ያደላል። ሌላም አለ። የክሊቭላንዲ ጥቁር ቱቦ ላይ፣ ከየከረጢቱ ግርጌ፣ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሁልጊዜ አይደለም። ካየኋት ግን እኔ ወደ ክሊቭላንዲ ነው የማደላው። አራት ፔታል ያላቸው አበቦች በብዛት ካሉ ደግሞ ወደ ሄንደርሶኒ አድሉ።

ሄንደርሶኒና ፑልኬለም። የሲያትልና የቫንኩቨር ደሴት ሰዎች፣ ዕድለኞች ናችሁ። ቱቦው ጥቁር፣ ጀርባው የተሸበሸበ ከሆነ ሄንደርሶኒ። ቱቦው ቢጫ፣ ጀርባው ለስላሳ ከሆነ ፑልኬለም። ሁለት መለያ በአንድ ላይ ስለሚሠራ ብዙ አያከራክርም። ፑልኬለም ግን ከአላስካ እስከ ሜክሲኮ የተዘረጋ ዝርያ በመሆኑ አልፎ አልፎ ቱቦው ወይን ጠጅ የሆነ ይገኝበታል። ያኔ ቀለሙን ትታችሁ ጀርባውን እመኑ።

ፑልኬለም፣ ኮንጁጌንስና ፖኤቲኩም። ከባዱ ይሄ ነው። ከፖርትላንድ ተነስታችሁ በኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ጫካው እየሳሳ ሣሩ ይጀምራል። እዚያ ላይ የሚታየው ሹቲንግ ስታር ሁሉ ከሩቅ አንድ ነው።

መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ለስላሳ ከሆነ የፑልኬለም ወገን ነው። ጸጉራም ሆኖ ጀርባው ለስላሳ ከሆነ ኩሲኪ የሚባለው ነው፤ አንዳንዱ ባለሙያ ለብቻው ዝርያ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ከፑልኬለም ጋር ይደምረዋል። ጀርባው የተሸበሸበ ከሆነ ምርጫው ኮንጁጌንስና ፖኤቲኩም ሆነ ማለት ነው። ፖኤቲኩም ጸጉራም ነው፣ የቅጠሉ ጠርዝም ብዙ ጊዜ ጥርስ አለው። ደግሞም አገሩ ጠባብ ነው፤ ከሸለቆው ምሥራቅ ጫፍና ከአካባቢው ብዙ አይርቅም። ኮንጁጌንስ የሚኖረው በሰፊው ደረቅ አገር ነው፣ ከዋሽንግተንና ከኦሪገን እስከ ሞንታናና ዋዮሚንግ፣ ሴጅብራሽ የሚባለው ግራጫማ ቁጥቋጦ ያለበት ሜዳ ላይ። የቅጠሉ ጠርዝ ደህና ለስላሳ ነው። ቱቦው በጣም አጭር ነው፤ ዘንጎቹ ጨርሶ ያልተጣበቁበትም አለ። የፑልኬለም ግን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ስለሚሆን በዓይን ይታያል።

በዚሁ አገር ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ጥርሳምና ባለ ረጅም እጀታ፣ ፏፏቴ ዳር እርጥብ ጥላ ውስጥ የቆመ ካገኛችሁ አትጨነቁ። ዴንታቱም ነው። ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው።

ጄፍሪና አልፒኑም። በሴራ ሜዳዎች ላይ የሁለቱም ሴቴ ወፍራም ራስ አላት፣ የሁለቱም ጀርባ የተሸበሸበ ነው፣ የሁለቱም ቱቦ አጭርና ጥቁር ነው። ስለዚህ አፍንጫው እዚህ ላይ ብዙ አይረዳንም። መጠኑን እዩ። ጄፍሪ ትልቅ ነው። ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ቅጠሉ ብቻውን አንድ ክንድ ሊያክል ይችላል፣ ወደ ላይም ይቆማል። ብዙ ጊዜ አገዳው ላይ የሚጣበቅ ጸጉር አለ። አልፒኑም ትንሽ ነው፤ ቅጠሉ ጠባብና ጸጉር የሌለው፣ ፔታሉ አራት። ወጣት ጄፍሪ አራት ፔታል ይዞ ሲመጣ ነው ሰው የሚሳሳተው። ያኔ ጎረቤቶቹን ተመልከቱ። ሜዳው ሙሉ ትንንሽ ከሆነ አልፒኑም ነው። ትልልቆቹ መሃል አንድ ትንሽ ብቻ ከቆመ ጄፍሪ የመሆን ዕድሉ የሰፋ ነው።

አምስት ፔታል ያለው፣ ሁለመናው በሚጣበቅ ጸጉር የተሸፈነና ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ካጋጠማችሁ ሬዶሌንስ ነው። በደቡብ ሴራና በሳን በርናርዲኖ ተራሮች ፈልጉት።

ሜአዲያና አሜቲስቲኑም። ለሚኒሶታና ለዊስኮንሲን ወገኖች። አበባው ላይ ቆማችሁ ብትከራከሩ አትጨርሱም። አሜቲስቲኑም ደመቅ ያለ ሮዝ ይሆናል፣ ሜአዲያ ከፈዛዛ ሮዝ እስከ ነጭ፤ ግን ከላይ እንዳልኩት ቀለም ብቻውን አይበቃም። የቅጠሉን ግርጌ እዩ። ሜአዲያ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፣ አሜቲስቲኑም ላይ አረንጓዴ። የበለጠ የሚያስተማምነው ግን ፍሬው ነው፣ ወደ እሱ እየሄድን ነው። ወደ ደቡብ ኢሊኖይና ኬንታኪ ከወረዳችሁ ሦስተኛ አለ፤ ፍሬንቺ ይባላል። አሸዋ ድንጋይ ገደል ከበላዩ የጋረደው፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ላይ ነው የሚኖረው። ቅጠሉ ድንገት ጠቦ እጀታ ስለሚሠራ ከሜአዲያ ይለያል።

ደረጃ 8፦ ስሙን ስትጽፉ

አንዱ መጽሐፍ ዶዴካቴዎን ይላል፣ ስልካችሁ ላይ ያለው አይናቹራሊስት፣ ያያችሁትን ተክል የምትመዘግቡበት መተግበሪያ፣ ፕሪሙላ ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ አበባ ነው የሚያወሩት። በ2007 ኦስቲን ማስትና ጄምስ ሪቪል የተባሉ ተመራማሪዎች ሹቲንግ ስታሮችን በሙሉ ወደ ፕሪሙላ ወገን አዛወሯቸው። የዘር ጥናቱ ከፕሪሙላ መካከል የወጡ መሆናቸውን ስላሳየ ነው። ስለዚህ የእኛም አገር ዘመድ ናቸው ማለት ነው። በሰሜን ተራሮች ስም የተጠራች፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት ዓለት ላይ የምትበቅል ባለቢጫ አበባ ፕሪሙላ ኢትዮጵያ ውስጥ አለች፤ ፕሪሙላ ሲሜንሲስ ትባላለች።

ግራ የሚያጋባው፣ አንዳንዶቹ ሁለተኛ ስማቸውም መቀየሩ ነው። የድሮው ስም በፕሪሙላ ውስጥ ቀድሞ በሌላ ተክል ተይዞ ስለነበር ነው። ስትፈልጉ እንዳትቸገሩ፦ ፑልኬለም አሁን ፓውሲፍሎራ ነው። አልፒኑም ቴትራንድራ ሆኗል። ሬዶሌንስ ፍራግራንስ፣ ዴንታቱም ላቲሎባ፣ አሜቲስቲኑም ፋሴቲ ተብለዋል። ሄንደርሶኒ፣ ክሊቭላንዲ፣ ጄፍሪ፣ ኮንጁጌንስና ፍሬንቺ ሁለተኛ ስማቸውን ይዘው ቀርተዋል።

ፎቶ የምትለጥፉ ከሆነ ሌላው ሰው እንዲያግዛችሁ የሚያስችለውን አንሱ። አፍንጫውን ከጎን፣ በጣም ከቅርብ። ቅጠሎቹን ቀጥታ ከላይ። አገዳውን ከብርሃን ጋር። ከዚያ ቆም ብላችሁ አካባቢውን ሁሉ፣ ዛፉንም አፈሩንም ውሃውንም። አበባው በነፋስ እየተወዛወዘ ስልኩ ካላተኮረ፣ እጃችሁን ከበስተኋላው ዘርጉና ካሜራው የሚይዘው ነገር ስጡት። ሁሉንም አይታችሁ ካልለየላችሁ ፕሪሙላ ብላችሁ ብቻ መዝግቡ። የገመታችሁትን ስም ከመጻፍ ይሄ ይሻላል፤ የተሳሳተ ስም ለሚቀጥለው ሰው ካርታውን ያበላሽበታል።

ደረጃ 9፦ ለፍሬው ተመልሳችሁ ሂዱ

ብዙ ሰው አበባው ካለፈ አይመለስም። ሹቲንግ ስታር ላይ ግን ፍሬው መታወቂያ ካርዱ ነው። ያቀረቀረው አበባ ከተዳቀለ በኋላ ማንጠልጠያው ቀጥ ይልና ፍሬው ወደ ሰማይ ይቆማል። ስለዚህ ደርቆም ከሣሩ መሃል ይታያል። ከአበባው አንድ ወር ያህል ቆይታችሁ ሂዱ።

የፍሬውን አከፋፈት እዩ። ፑልኬለም ከጫፉ በጥርስ በጥርስ ይሰነጠቃል፤ አፉ ላይ ትንንሽ ሹሎች ይቀራሉ። ኮንጁጌንስ እንዲህ አያደርግም። ጫፉ በሙሉ እንደ ክዳን ተቆርጦ ይወድቃል፣ የደረቀችውን የሴቴዋን ክር እንደያዘ። አፉ ዙሪያውን የተቆረጠ ሆኖ ይቀራል። ሄንደርሶኒም እንዲሁ ክዳን አለው። ክዳኑ ገና ያልወደቀ ከሆነ በጥፍራችሁ አትግፉት፣ ዙሪያውን የተሰመረችውን ቀጭን መስመር መነጽራችሁ ያሳያችኋል።

ሜአዲያና አሜቲስቲኑም ላይ ደግሞ ግድግዳውን እዩ። የሜአዲያ ፍሬ ወፍራምና እንጨት የሚመስል፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። የአሜቲስቲኑም ስስ ነው፣ ፈዛዛ ቢጫማ ቡናማ ነው፣ በጣት ቀለል አድርጋችሁ ስትጫኑት እሺ ይላል። በጁላይ መጨረሻ የሚሲሲፒን ገደሎች የምትወጡ ከሆነ በሜይ ያላለቀውን ክርክር እዚያ ትጨርሱታላችሁ።